ካልሲ የለበሰው እጅ

የእህቴ ልጅ በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሱቄ የመጣችው መደርደሪያ ልትወስድ ነበር። የራጅ ባለሙያ ናት። አዳር ሠርታ ከሆስፒታል በቀጥታ መምጣቷ ነው። መደርደሪያው ግን ቫርኒሹ አልደረቀም። «አንድ ሰዓት ያህል ጠብቂ» አልኳት። ፊቷ ላይ እንቅልፍ ነበር። ሄዳ ተኝታ ከሰዓት ብትመለስ ኖሮ የዚህ ታሪክ መጨረሻ ሌላ ይሆን ነበር።

እኔ አናጢ ነኝ። ከእኔ ጋር ግድግዳ የሚጋራው ታፔላ ጻፊ ነው። እሱ ይጽፋል፣ እኔ ክፈፉን እሠራለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ኖረናል። በመካከላችን የነበረው በር ከተነቀለ ቆይቷል፤ እሱ ሲያስነጥስ እኔ ከዚህ «ይማርህ» እላለሁ።

የልጅ ልጅ አለው፤ አራት ዓመቱ ነው። መንደሩ ሁሉ ሻለቃ ይለዋል። ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ሆዱን ወደ ፊት ገፍቶ የሰውን ሥራ እየዞረ ስለሚመረምር ነው። «ይሄ ጠማማ ነው» ይለኛል ጣውላዬን አይቶ። አንዳንዴ እውነቱን ነው። እናቱ የጻፊው ልጅ ናት፤ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ትሠራለች። ጠዋት ለአባቷ ትታው ትሄዳለች፣ ማታ ትወስደዋለች።

የእህቴ ልጅ ጻፊውን ሰላም ልትል ተሻገረች። ተከተልኳት።

ሻለቃ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ከፊቱ ዳቦና ሻይ አለ። ዳቦው አልተነካም፣ ሻዩ ቀዝቅዟል። ግራ እጁ ላይ የአያቱ ግራጫ ካልሲ ተጠልቆ አንጓው ላይ በሲባጎ ታስሯል። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ነው።

«እንዴት አደሩ፣ ጋሼ?»

«እግዜር ይመስገን። እንዴት አደርሽ የአጥንት ፎቶ አንሺዋ? ዛሬስ የማንን ጎድን ስትቆጥሪ አደርሽ?»

«የብዙ ሰው። ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ሻለቃ ቦክሰኛ ሆነ እንዴ?»

«ቅጣት ነው» አለ ጻፊው፤ ከሰሌዳው ላይ ዓይኑን አላነሣም። «ከነቃ ጀምሮ በግራ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብሏል። ዳቦውን በግራ፣ ብርጭቆውን በግራ። ትናንት በቀኙ ሲበላ የነበረ ልጅ! ብቆጣውም አልሰማ አለ። ካልሲ አጠለቅሁለት። ሲርበው በቀኙ ያነሣል።»

«ካጠለቁለት ስንት ሰዓት ሆነው?»

«አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆነው ነው። እልኸኛ ነው። አኩርፎ ቃል እንኳ አልተነፈሰም። በማን ወጣ? በእናቱ።»

ጻፊው ክፉ ሰው አይደለም። እንዲያውም ለዚህ ልጅ ነፍሱን ይሰጣል። ፊደል የሚጻፈው በቀኝ ነው ብሎ ያምናል። ሻለቃን ወራሹ አድርጎ አስቦታል፤ ትንሽ ብሩሽ ቆርጦ ሰጥቶት በአሮጌ ቆርቆሮ ላይ መስመር ማስመር አስጀምሮታል። ካልሲውን ሲያጠልቅለትም መልካም ያደረገ መስሎት ነው። እኔም ጠዋት ሳልፍ አይቼዋለሁ። ምንም አላልኩም። በሌላ ሰው ልጅ አስተዳደግ አልገባም ብዬ ነው። ይህ ትሕትና ይመስለኝ ነበር።

የእህቴ ልጅ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ሻለቃ ፊት ተንበረከከች።

«ሻለቃ፣ እስኪ ጥርስህን አሳየኝ። እንደተቆጣ ውሻ። እንዲህ፣ እእእ።»

ልጁ ሞከረ። የግራ ከንፈሩ ተነሣ፣ ቀኙ ባለበት ቀረ። ከቀኝ በኩል ለሃጭ ወረደ።

ሲባጎውን ፈትታ ካልሲውን አወለቀች። «አሁን ሁለቱንም እጅ ወደ ላይ። ሌባ ስትይዝ ‹እጅ ወደ ላይ› ትል የለ?»

ግራው ተነሣ። ቀኙ እስከ ደረቱ ደርሶ ቀስ እያለ ተመለሰ። ልጁ እጁን አየው። የሰው ዕቃ እንደሚያይ አየው።

«ሻለቃ፣ እኔ ማን ነኝ?»

በደንብ ያውቃታል። ሁልጊዜ ከረሜላ ትሰጠዋለች። አፉን ከፈተ፣ «እ…» አለ፣ ከዚያ ወደ አያቱ ዞሮ ዓይኑ እንባ ሞላ።

የእህቴ ልጅ ተነሣች። ፊቷ ላይ የነበረው እንቅልፍ ጠፍቶ ነበር።

«ጋሼ፣ ይህ ልጅ አላኮረፈም። መናገር አቅቶት ነው። ቀኝ እጁም እምቢ ያለው እሱ ፈልጎ አይደለም። አሁኑኑ ሆስፒታል መሄድ አለብን።»

ጻፊው ብሩሹን ከአፉ አወጣ። ሲጽፍ ሁልጊዜ ሌላ ሁለት ብሩሽ በጥርሱ ይይዛል።

«ብርድ መትቶት ይሆናል» አለ። «እናቱ በማለዳ ተኝቶ ሳለ በጀርባዋ አዝላ ነው ያመጣችው። ፊቱ ገላጣ ነበር። ክንዱንም ተኝቶበት ይሆናል።»

«ተኝቶበት ቢሆን በአምስት ደቂቃ ይለቀው ነበር። ይህ ስትሮክ ይመስለኛል፣ ጋሼ።»

ጻፊው ሳቀ። የምር ሳቀ። «ስሚ፣ ልጄ፤ ግፊት ያለብኝ እኔ ነኝ፤ መድኃኒት የምውጠውም እኔ ነኝ። የእኔን በሽታ ለሕፃኑ አታሸክሚው። ስትሮክ የሽማግሌ ነው። አራት ዓመት ልጅ ምን ሠርቶ፣ ምን በልቶ?»

«ልጅንም ይይዛል። ብዙ ጊዜ አይደለም፣ ግን ይይዛል። በእኛ ማሽን ውስጥ ያለፉ ልጆች አይቻለሁ።»

«አንቺ ፎቶ አንሺ ነሽ እንጂ ሐኪም አይደለሽም። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል።»

«እውነት ነው፤ ሐኪም አይደለሁም። ለዚህ ነው ወደ ሐኪም እንሂድ የምልዎት። ሐኪም ብሆን እዚሁ አክመው ነበር።»

ይህን ስትል ድምፅዋን አላነሣችም። ጻፊው ግን አንገቱን ነቀነቀ።

«የሰፈሩን አሺ እጠራለታለሁ» አለ። «አራት ሰዓት ላይ ትመጣለች። አንገቱን ዘይት ቀብታ ስታሸው ይፍታታል። የእኔን ወገብ ማን አቃናው?»

«አንገቱን?» አለች፤ አሁን ድምፅዋ ተነሣ። «አንገቱን ማንም እንዳይነካው! እባክዎ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ሰሞኑን ወድቋል? አንገቱን ወይ አፉን መትቶታል?»

«አልወደቀም» አለ ጻፊው ቶሎ።

እኔ አየሁት። እሱም አየኝ።

ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ጻፊው መሰላል ላይ ነበር፤ የዳቦ ቤት ታፔላ ይጨርሳል። ሻለቃ ከቆርቆሮው ባለ ረጅም እጀታ ብሩሽ አንሥቶ እንደ አያቱ በአፉ ያዘ፤ በጎን ሳይሆን በቀጥታ፣ ጫፉን ወደ ውስጥ አድርጎ። ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣመረ። እንዲያ ሆኖ ሊመረምረኝ ወደ እኔ መጣ። የጣውላ ቁራጭ አደናቀፈው። እጁ ከኋላው ስለነበር የሚመክትበት አልነበረውም፤ በፊቱ ወደቀ። ጮኸ። አፉ ደማ። ውሃ አጉመጠመጥነው፣ ደሙ ቆመ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይጫወት ነበር። ማታ እናቱ ስትመጣ አልነገርናትም። ምን ይነገራል? ልጅ ወደቀ፣ ልጅ ተነሣ።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። በጥቂት ቃል ነበር። ጻፊው ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዞረ።

«አፉን ከፍተህ አሳየኝ፣ የኔ ጌታ» አለችው ልጁን፤ በስልኳ መብራት አየች። «ይኸው። ከላንቃው በስተግራ፣ ከጉሮሮው አጠገብ። ትንሽ ቁስል ናት።»

«ታዲያ ትንሽ ናት አላልሽም?» አለ ጻፊው። «ደሙ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ቆሟል። ትናንት ወድቆ ዛሬ እጁ እንዴት ይያዛል? አፍና እጅ ምን አገናኛቸው?»

ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አልነበረም። እኔም በልቤ የጠየቅሁት እሱን ነው። የእህቴ ልጅ የሥራ ቦታውን ዞር ብላ አየች። ጥግ ላይ ጻፊው ለትልልቅ ሰሌዳ የሚጠቀምበት የቀለም መርጫ ከነጎማው ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ የዚያ መርጫ ጎማ ውስጡ ቢጫር ምን ይሆናል?»

«ቀለም ይይዛል።»

«ከዚያስ?»

«የያዘው ይደርቃል። ቅርፊት ይሠራል።»

«ከዚያስ?»

«ቅርፊቱ ይነሣና ሄዶ አፍንጫውን ይደፍነዋል። ሥራ ያቆማል።»

«መቼ ነው የሚደፍነው? ጎማው እንደተጫረ?»

«የለም። ሊያድር ይችላል። አንዳንዴም በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ቀን…»

ጻፊው ወደ ሻለቃ ዞረ።

«ከጉሮሮ ኋላ በግራም በቀኝም ወደ አንጎል ደም የሚወስድ ትልቅ ሥር ያልፋል» አለች። «ከላንቃ ብዙም አይርቅም። በአፍ የገባ እንጨት ባይበሳው እንኳ ከአጥንት ጋር አጣብቆ ይጨፈልቀዋል። የሥሩ ውስጠኛ ሽፋን ይጫራል። ደም እዚያ ላይ ይረጋል። የረጋው ተነሥቶ ሽቅብ ሲሄድ አንጎል ውስጥ ቀጭኑን ሥር ይደፍናል። ግራው አንጎል ቀኙን እጅ ያዝዛል፤ ቋንቋም በአብዛኛው እዚያ ነው። እርግጡን ሐኪሞች የሚያውቁት በማሽን አይተው ነው። እኔ የማውቀው እዚህ ተቀምጠን የማናውቀው መሆኑን ነው።»

«አሺዋስ?» አለ ጻፊው። ድምፁ ቀንሷል።

«አሁንስ እርስዎ ይንገሩኝ። ቅርፊት የያዘ ጎማ ያሻሉ?»

«ካሸሁትማ የቀረውም ተነቅሎ ይሄዳል» አለ፤ ከዚያ የተናገረውን ራሱ ሰማው። እጁ ወደ ልጁ አንገት ሄዶ ሳይነካው ተመለሰ።

ገብቶታል። ግን አልተነሣም። ብሩሹን በጨርቅ ጠረገ። ንጹሑን እንደገና ጠረገ። «ቢሆንም ብርድ ይሆናል» አለ። «እናቱ ምሳ ሰዓት ትደውላለች። ያኔ እንጠይቃታለን።»

የእህቴ ልጅ ትዕግሥቷ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ልትናገር ስትል በእጄ ያዝኳት። ተምራለች፣ ግን ከዚህ ሰው ጋር ሠላሳ አንድ ዓመት አልኖረችም። እውቀት አልነበረም የጎደለው። ብርድ ከሆነ ጥፋተኛ የለም። ብሩሽ ከሆነ ብሩሹ የእሱ ነው፤ በአፍ መያዝንም ልጁ የተማረው ከእሱ ነው፤ ትናንት ማታ ለልጁ እናት ዝም ያለውም እሱ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ የታመመን እጅ በካልሲ ቀጥቷል። ሰው እንዲህ ያለውን ሸክም በአንድ ጠዋት ለብቻው አያነሣም።

«ስማ» አልኩት። «ጣውላው የእኔ ነው።»

«የቱ ጣውላ?»

«ያደናቀፈው። ትናንት ጠዋት ቆርጬ ጥዬው ነው። ሲወድቅም አይቻለሁ። ስቄአለሁ። ‹ሻለቃ ግንባር ላይ ቆሰለ› ብዬ የቀለድኩት እኔ ነኝ። ዛሬም ካልሲውን አይቼ አልፌአለሁ። ከጥፋቱ ግማሹ የእኔ ነው፤ ድርሻህን ብቻ ተሸክመህ ተነሣ።»

«ሆስፒታል ጥፋተኛ የሚፈልግ የለም» አለች የእህቴ ልጅ። «የሚፈልጉት መቼና እንዴት የሚለውን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ጋሼ። አሁን የያዘው አንድ እጅ ነው። ሁለተኛ የረጋ ደም ከሄደ ምን እንደሚይዝ አናውቅም።»

ጻፊው ተነሣ። ሱቁን አልዘጋም። ልጁን ሲያቅፈው «አያትህ ደንቆሮ ነው» አለው። ሻለቃ በግራ እጁ የአያቱን ጆሮ ያዘ።

ታክሲ ውስጥ የእህቴ ልጅ ልጁን በጀርባው አስተኛችው፤ አንገቱ እንዳይጣመም በሁለት እጇ ያዘችው። ጻፊው ውሃ ሊሰጠው ሲል ከለከለችው፤ አፉ በአንድ ወገን ስለደከመ ውሃው ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል አለች። ወደ ድንገተኛ ክፍል ደወለች። «አራት ዓመት፣ ትናንት አሥር ሰዓት በአፉ እንጨት ይዞ የወደቀ፣ ዛሬ ጠዋት ቀኝ ጎኑ የደከመ፣ ንግግር ያቆመ» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። እኔ በልቤ ደገምኩት። ሰው ሲደነግጥ ብዙ ያወራል፤ የሚጠቅመው ይህን ያህል ነው።

በር ላይ ጠበቁን። ከመካከላቸው አንዲት ወጣት ሐኪም ነበረች፤ ልጁን አይታ ቶሎ ወደ ማሽኑ አስገባችው። «ሥሩ እንዲታይ ቀለም በመርፌ እንሰጠዋለን» አለች።

«ምን ዓይነት ቀለም?» አለ ጻፊው።

ሐኪሟ አየችው። ልብሱን አየች፤ ሸሚዙ ላይ ሰማያዊና ቀይ ነበር። ፈገግ አለች። «እርስዎ የሚያውቁት አይደለም፣ አባቴ። በሽንት ይወጣል።»

ኋላ ፎቶውን አሳየችን። የደም ሥሩ በቀኝ በኩል እንደ ገመድ እኩል ይሄዳል። በግራ በኩል ከመንጋጋ ኋላ ሲደርስ ይቀጥናል፣ እንደገና ይሰፋል። «እዚህ ላይ ነው የተጎዳው» አለች። «ደም ረግቶበታል። ከዚያ የተነሣች ቁራጭ አንጎሉ ውስጥ ገብታለች። ቦታው ትንሽ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት እንጀምራለን፣ አስተኝተን እንከታተለዋለን።»

«አንገቱ ታሽቶ ቢሆንስ?» አለ ጻፊው።

«ስላልታሸ ደስ ብሎኛል።»

«እስከ ማታ ብንጠብቅስ ኖሮ?»

«እሱንም ስላልጠበቃችሁ።»

ስምንት ሰዓት ላይ እናትየው፣ ምሳ ሰዓት ደውላ ሆስፒታል መሆናችንን ሰምታ፣ የፋብሪካ ሽርጧን እንደለበሰች እየሮጠች መጣች። ክር ትከሻዋ ላይ ነበር። ጻፊው ከአግዳሚው ተነሥቶ ቆመ። እኔ ልጀምርለት አስቤ ነበር፤ በእጁ አስቆመኝ።

«ብሩሹ የእኔ ነው» አላት። «ትናንት በአፉ ይዞ ወደቀ። ደማ። አልነገርኩሽም። ዛሬ እጁ ሲሰንፍ ጥጋብ መስሎኝ ቀጣሁት።»

«ለምን አልነገርከኝም፣ አባዬ?»

«ደሙ ቆሞ ነበር። ደግሞ ፈራሁሽ።»

«እኔ እሱን ለአንተ ትቼ ስሄድ አንድ ቀን ፈርቼ አላውቅም» አለች።

ወደ ልጇ ገባች። ጻፊው ተቀመጠ። ሰው ሲመታ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አላየሁም። ከብዙ ቆይታ በኋላ ወጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ከቦርሳዋ ምሳዋን አውጥታ ዳቦውን ለሁለት ቆረሰችው፤ ግማሹን ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

ሻለቃ አሥራ አንድ ቀን ተኛ። በአራተኛው ቀን «ውሃ» አለ። በሰባተኛው ቀን የአልጋውን አንሶላ አይቶ «ጠማማ» አለኝ፤ ያነጠፍኩት እኔ ነበርኩ። ነርሷ ሳቋን ማቆም አቃታት። እግሩ በወር ውስጥ ተመለሰ። እጁ ግን ዘገየ። ሐኪሟ ሳታታልል ነግራናለች፤ የሞተው የአንጎል ክፍል አይነሣም፣ ነገር ግን ልጅ ስለሆነ ከጎኑ ያለው ሥራውን ሊማርለት ይችላል፤ የሚማረውም ሲያሠሩት ነው።

ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ፊዚዮቴራፒ ይወስደዋል ጻፊው። በመጀመሪያው ቀን ባለሙያው ለስላሳ ጓንት አውጥቶ ደህናውን ግራ እጅ ሊሸፍን ሲል ጻፊው ጓንቱን ነጠቀው።

«ይህንማ እኔ አድርጌው አይደለም ወይ የተዋረድኩት!»

ባለሙያው የካልሲውን ነገር ሰምቶ ትከሻውን ያዘው። «አባባ፣ እርስዎ ያደረጉት በሽታው ሳይታወቅ፣ ዳቦ ከልክለው ነው። እኛ የምናደርገው ታውቆ፣ ሐኪም ፈቅዶ፣ ለአንድ ሰዓት፣ በጨዋታ ነው። ሲደክመው እናወልቃለን። ኳሷን ሲይዛት እናጨበጭባለን።»

ጻፊው ጓንቱን መለሰ። በዚያ ሰዓት ከማንም አብልጦ የሚያጨበጭበው እሱ ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ ግን ሻለቃ በፈለገው እጁ ይበላል፣ በፈለገው እጁ ያሰምራል። ማንም አይቆጣውም። የግራው መስመር ከቀኙ የከፋ አይደለም፤ ይህን የሚለው ጻፊው ራሱ ነው።

ሱቃችንም ተለውጧል። ጻፊው ብሩሽ በአፉ አይይዝም። ቀበቶው ላይ ቆርቆሮ ጣሳ አንጠልጥሏል። ሙያውን ካስተማረው ሰው የወረሰው ልማድ ስለነበር መተዉ ቀላል አልሆነለትም፤ «አፌ ባዶ ሲሆን ፊደሉ ይጠፋኛል» ይል ነበር። አልጠፋበትም። እኔም ምስማር በከንፈሬ መያዝ ትቼ የሽርጥ ኪስ አሰፋሁ። የቆረጥኩትን ወዲያው አነሣለሁ። አንድ ያላሰብነው ጥቅም አገኘን፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በጥርሳችን መካከል ስናጉረመርም ኖረን አሁን በሥራ ላይ እናወራለን። ብዙ የሚወራ አለመኖሩንም አወቅን። ቢሆንም ደግ ነው።

ልጅ ያለው ሰው ከዚህ የሚወስደው አለ ብዬ አምናለሁ። ልጅ የእንጨት ከረሜላ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ እርሳስ፣ ማንኪያ በአፉ ይዞ አይሂድ፤ ተቀምጦ ይጨርስ። ይዞ ከወደቀና ጉሮሮው አካባቢ ከቆሰለ ደሙ ቢቆምም ለሐኪም ይታይ። ሐኪም ቤት ሄዶ ቢመለስ እንኳ ሦስት ቀን ዓይን አይለየው፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነገሩም አብሮ ይተላለፍ፤ አያት ለእናት፣ እናት ለአስተማሪ ይንገር። እጅ ከሰነፈ፣ ከንፈር ከተጣመመ፣ አንደበት ከተያዘ፣ እግር ከጎተተ፣ ከእንቅልፍ አልነቃ ካለ ወይም ካንቀጠቀጠው ብርድ ነው፣ ጥጋብ ነው ማለት አይገባም። አንገቱም አይታሽ። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ልጁን ማመን ነው። ልጅ ትናንት ያደርግ የነበረውን ዛሬ ካላደረገ ከእልህ በፊት ሕመምን እንጠርጥር። ተሳስተን ብንገኝ የምናጣው አንድ ጠዋት ነው።

ባለፈው ሳምንት ሦስታችን ከፊዚዮቴራፒ ስንመለስ የአውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ቆመን ነበር። አንዲት ሴት ከሕፃን ልጇ ጋር ትጠብቃለች። ልጁ የእንጨት ከረሜላ በአፉ ይዞ በወንበሮቹ መካከል ይሮጣል። ጻፊው ሁለት ጊዜ አየው። በሦስተኛው ሄደ።

«እናቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ልጁን ቁጭ አድርጊውና ይጨርስ። ቢወድቅ እንጨቱ ጉሮሮውን ይወጋዋል።»

ሴትየዋ ከላይ እስከ ታች አየችው። ቀለም ያለበትን ሸሚዝ አየች፤ ቀኝ እጁን በግራው ደግፎ የቆመውን ሻለቃንም አየች።

«ሽማግሌ፣ ምን አገባህ? የራስህን ልጅ ጠብቅ!»

ሰው ዞሮ አየን። እኔ እጁን ልይዘው አሰብኩ። ጻፊው ግን አልተቆጣም።

«አልጠበቅሁትም» አላት። «ለዚህ ነው የምነግርሽ።»

ሴትየዋ ሻለቃን ትንሽ አየችው። ከዚያ ልጇን በክንዱ ይዛ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።